ለቱርቦ መኪና 95 ወይስ 98? በራማት ፖሌግ ማደያ የሚነሳው የአባትና የልጅ ክርክር

ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ሰንበት ከመግባቱ በፊት፣ በናታንያ ደቡብ በራማት ፖሌግና በፖሌግ የኢንዱስትሪ አካባቢ ያሉ የቤንዚን ማደያዎች ይጨናነቃሉ። አንዱ ወደ ባሕር ዳሩ ቁጥር 2 አውራ ጎዳና ሊወጣ ነው፤ ሌላው ከኢኬያ ዕቃ ጭኖ ይመለሳል፤ ሌላው ቤተሰቡን ይዞ ዘመድ ሊጠይቅ ይሄዳል። በዚህ ግርግር መካከል አንድ ክርክር መስማት የተለመደ ነው። ወጣቱ ልጅ በቅርቡ በእጅ የዞረች ፈጣን መኪና ገዝቷል። አባቱ ከጎኑ ተቀምጠዋል። ልጁ 98 የሚል ቁጥር ያለበትን ቱቦ ሲያነሳ አባት የዋጋውን ሰሌዳ አይተው ይደነግጣሉ።

«ልጄ፣ ያኛው እኮ ይረክሳል። ምነው እሱን ብትቀዳ?»

«አባባ፣ ይህቺ መኪና ቱርቦ ናት። 95 ከቀዳሁባት ሞተሯ ይበላሻል። እርስዎ የሚያውቁት የድሮውን መኪና ነው።»

ውድ አድማጮች፣ ይህን የመሰለ ወግ በብዙ ቤት አለ። ከሄፍጺባም ሆነ ከአዞሪም የሚነሱ ወጣቶች ዛሬ ጥሩ ሥራ ይዘው ጥሩ መኪና ይነዳሉ፤ ይህ የሚያኮራ ነገር ነው። ነገር ግን ብዙ ጊዜ መኪናው ሲገዛ ዋስ የሚሆኑት፣ ወር ሲጠብ የሚያበድሩት፣ ከቢቱአህ ሌኡሚ በሚያገኟት ገንዘብ የሚደጉሙትም ወላጆች ናቸው። ስለዚህ ጥያቄው የወጣቶች ብቻ አይደለም። ከሁለቱ ማን ነው ልክ? አባት ናቸው ወይስ ልጁ? መልሱ «እንደ መኪናው ነው» የሚል ነው፤ ለምን እንደሆነ ግን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልጋል።

የዋጋው ሰሌዳ ምን ይላል?

በእስራኤል የ95 ኦክቴን ቤንዚን፣ ሰው በራሱ እጅ ሲቀዳው፣ ከፍተኛው ዋጋ በመንግሥት ይወሰናል። ዋጋው በየወሩ አንድ ጊዜ ይስተካከላል፤ አዲሱ ዋጋ ወሩ ሲለወጥ እኩለ ሌሊት ላይ ይጀምራል። በዜና «ነገ ቤንዚን ይጨምራል» ወይም «ይቀንሳል» ሲባል የሚወራው ስለዚህ ቤንዚን ነው። ዋጋው የሚወሰነው በሜዲትራኒያን አካባቢ ባለው የነዳጅ ገበያ፣ በዶላርና በሼቄል ምንዛሪና በግብር ነው። ከምንከፍለው ዋጋ ከግማሽ በላይ የሚሆነው የነዳጅ ግብርና ከጥር 2025 ጀምሮ 18 በመቶ የሆነው ተጨማሪ እሴት ታክስ ነው። ከፍተኛ ከነበሩት ዋጋዎች አንዱ በመስከረም 2012 የታየው ነው፤ ያን ጊዜ አንድ ሊትር 8.25 ሼቄል ደርሶ ነበር።

የ98 ነገር ሌላ ነው። የ98 ዋጋ በመንግሥት ቁጥጥር ሥር አይደለም። እያንዳንዱ የማደያ ድርጅት ራሱ ይወስናል። ስለዚህ በአንዱ ማደያና በሌላው መካከል ልዩነት ይኖራል፤ ከ95 ጋር ያለው ልዩነትም በብዙ ቦታ በሊትር ከአንድ ሼቄል በላይ ነው። አባት የደነገጡት በከንቱ አይደለም።

ሒሳቡን እናስላው። ልዩነቱ በሊትር 1.50 ሼቄል ነው እንበል። 50 ሊትር የሚይዝ ታንክ በተሞላ ቁጥር 75 ሼቄል ተጨማሪ ይወጣል። በወር ሁለት ጊዜ ከተሞላ 150 ሼቄል፣ በዓመት 1,800 ሼቄል ይሆናል። በየማደያው ያለውን ልዩነት ከሰሌዳው አንብቦ በዚሁ መንገድ ማስላት ይቻላል። 1,800 ሼቄል ለአንድ ጡረተኛ ቤት ቀላል ገንዘብ አይደለም። መኪናዋ በእርግጥ የምትፈልገው ከሆነ ግን ወጪው ተገቢ ነው። ካልሆነ ደግሞ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» የሚባለው ዓይነት ነው።

ኦክቴን ማለት ምን ማለት ነው?

ብዙ ሰው 98 ሲባል «ጠንካራ ቤንዚን»፣ «ጉልበት ያለው ቤንዚን» ይመስለዋል። እንዲህ አይደለም። አንድ ሊትር 98 እና አንድ ሊትር 95 በውስጣቸው ያለው ኃይል ተቀራራቢ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው ስለ ጉልበት ሳይሆን ስለ ትዕግሥት ነው።

ነገሩን በእንጨት እንመስለው። የደረቀ ሣር እሳት ገና ሲጠጋው ቦግ ይላል። ወይራ ግን ቶሎ አይያዝም፤ ሙቀት ይችላል፤ ሲያዝ ግን በሥርዓት ይነዳል። ከፍ ያለ ኦክቴን ያለው ቤንዚን እንደ ወይራው ነው። ቢጨመቅም፣ ቢግልም፣ ጊዜው ሳይደርስ በራሱ አይቀጣጠልም።

ይህ ለምን ያስፈልጋል? በሞተር ውስጥ ፒስተኑ አየርና ቤንዚን ይጨምቃል። ካንዴላው ብልጭታ ሲሰጥ እሳቱ ከአንድ ጫፍ ተነሥቶ እየተስፋፋ ወደ ሌላው ጫፍ ይሄዳል፤ ፒስተኑንም ወደ ታች ይገፋል። ይህ ሁሉ በቅጽበት ነው። ነገር ግን እሳቱ ገና ያልደረሰበት ቤንዚን በሙቀትና በግፊት ብዛት በራሱ ከነደደ፣ ሁለት እሳት በአንድ ጎጆ ውስጥ ይሆናል። ግፊቱ የሲሊንደሩን ግድግዳ ይደበድባል። ያን ጊዜ ሞተሩ ያንኳኳል፤ ድምፁ በቆርቆሮ ውስጥ እንደተነቀነቀ ጠጠር ነው። በአገር ቤት ዳገት ላይ ጭነት በዝቶባቸው የሚያንኳኩ መኪናዎችን የተሳፈረ ሰው ድምፁን ያውቀዋል። ይህ ድብደባ ሲበረታና ሲደጋገም ፒስተን ሊሰብር፣ ሊያቀልጥም ይችላል።

ቁጥሩን የፈጠረው ግራሃም ኤድጋር የተባለ አሜሪካዊ ኬሚስት ነው፤ ጊዜውም 1926 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነበር። ሁለት ፈሳሾችን መረጠ። አንዱ አይሶኦክቴን ይባላል፤ ማንኳኳትን በጣም ስለሚቋቋም 100 ተባለ። ሌላው ሄፕቴን ይባላል፤ ቶሎ ስለሚያንኳኳ 0 ተባለ። አንድ ቤንዚን 95 ነው ሲባል፣ በመፈተኛ ሞተር ውስጥ 95 እጅ አይሶኦክቴንና 5 እጅ ሄፕቴን እንደተቀላቀለበት ፈሳሽ ማንኳኳትን ይቋቋማል ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። አሜሪካ ያለ ዘመድ «እኛ 87 ነው የምንቀዳው፤ ምንም አልሆነም» ቢል አይደንግጡ። አሜሪካኖች የሚለኩት በሌላ ዘዴ ነው፤ የሁለት ፈተናዎችን አማካይ ይወስዳሉ። የእነሱ 87 በእኛ አቆጣጠር ወደ 91 ወይም 92 ይጠጋል። የእነሱ 93 ደግሞ ወደ 98 ይጠጋል። የእኛ 95 በእነሱ ወደ 91 ነው። ስለዚህ ከአሜሪካ በስልክ የሚመጣ ምክር ቁጥሩ ሳይመነዘር አይሠራም።

ቱርቦ፦ የሞተር ወናፍ

አንጥረኛ ቤት ያደገ ሰው ቱርቦን ለመረዳት አይቸገርም። ከሰሉ ያው ከሰል ነው። ወናፉ ግን አየር ሲገፋበት እሳቱ ይጋጋላል፤ ብረቱም ይግላል። ቱርቦ የሞተር ወናፍ ነው። ከሞተሩ በሚወጣው ጭስ ኃይል አንድ ትንሽ መዘውር ይሽከረከራል፤ መዘውሩም አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሩ ያስገባል። ብዙ አየር ሲገባ ብዙ ቤንዚን ማቃጠል ይቻላል። ትንሽ የነበረው ሞተር የትልቅ ሞተር ጉልበት ያገኛል።

ነገር ግን ዋጋ አለው። አየር ሲጨመቅ ይሞቃል። የብስክሌት ጎማ በእጅ የነፋ ሰው የመንፊያው ጫፍ እንደሚግል ያውቃል። ሞቃትና የተጨመቀ አየር ደግሞ ማንኳኳትን የሚጠራ ነገር ነው። ስለዚህ «ቱርቦ ከፍ ያለ ኦክቴን ይወዳል» የሚለው የወጣቱ ንግግር ከሜዳ የመጣ አይደለም። መሠረት አለው።

በታሪክም ማስረጃ አለ። በ1940 በብሪታንያ ሰማይ ላይ በተደረገው የአየር ጦርነት፣ የእንግሊዝ ተዋጊ አውሮፕላኖች ከ87 ኦክቴን ወደ 100 ኦክቴን ቤንዚን ተሻግረው ነበር። የሮልስ ሮይስ መርሊን ሞተራቸው አየር የሚጨምቅ መሣሪያ ነበረው። አዲሱ ቤንዚን ሞተሩ ሳያንኳኳ የበለጠ አየር እንዲጨመቅበት ስለፈቀደ አብራሪዎቹ በጭንቅ ጊዜ ተጨማሪ ኃይል አገኙ። ልብ ይበሉ፤ ጉልበቱን የሰጠው ቤንዚኑ ብቻውን አይደለም። ቤንዚኑ ፈቃድ ሰጠ፤ ጉልበቱን ያመጣው ተጨማሪው አየር ነው። ይህ ልዩነት የዛሬውን ክርክር ሁሉ ይፈታል።

ሞተሩ ጆሮ አለው

የዛሬ ሞተር እንደ ድሮው አይደለም። በሞተሩ አካል ላይ ማንኳኳትን የምትሰማ ትንሽ መሣሪያ ተገጥማለች። የሞተሩ ኮምፒውተር ከእሷ ወሬ ይቀበላል። ማንኳኳት ሊጀምር ሲል ብልጭታውን ያዘገየዋል፤ ካስፈለገም የቱርቦውን ግፊት ይቀንሳል። በ1980ዎቹ መጀመሪያ የስዊድኑ ሳብ ኩባንያ ይህን ዘዴ በቱርቦ መኪናዎቹ ላይ አውሎ ታውቋል። ዛሬ በሁሉም ዘንድ የተለመደ ነው።

ይህ ማለት፣ 98 የምትፈልግ መኪና 95 ቢቀዳባት በዚያው ቀን አትፈነዳም። ኮምፒውተሩ ጉልበቷን ቀንሶ ይጠብቃታል። በተቃራኒው ደግሞ፣ ኮምፒውተሯ ለ98 የተዘጋጀ መኪና የተሻለውን ቤንዚን ስታገኝ ብልጭታውን ወደፊት ትገፋለች፤ ጉልበት ትጨምራለች። ለ95 ብቻ የተሠራች መኪና ግን 98 ቢቀዳባት አምራቹ ካስቀመጠላት ወሰን አታልፍም። የተሻለ ምግብ ቀርቦላት ሆዷ ቀድሞ የጠገበ ያህል ነው። አትጎዳም፤ አትጠቀምምም። የሚጎዳው ኪስ ነው።

የተለካው ምን አሳየ?

በአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር የሆነው ኤ ኤ ኤ በ2016 ባወጣው ጥናት፣ ለተራው ቤንዚን በተሠሩ መኪናዎች ላይ ውዱን ቤንዚን መቅዳት ምንም ጥቅም እንዳላመጣ ገልጿል። በአንድ ዓመት ውስጥ 16.5 ሚሊዮን አሜሪካውያን አሽከርካሪዎች እንዲህ በማድረግ ከ2.1 ቢሊዮን ዶላር በላይ በከንቱ እንዳወጡም ገምቷል።

በሚቀጥለው ዓመት በ2017 ደግሞ ማኅበሩ አምራቾቻቸው ውዱን ቤንዚን «ይመከራል» የሚሉላቸውን፣ ግን «ግዴታ ነው» የማይሉላቸውን መኪናዎች ፈተነ። በአማካይ የቤንዚን ቁጠባው 2.7 በመቶ፣ የጉልበት ጭማሪው 1.4 በመቶ ሆነ። በመኪኖች መካከል ግን ልዩነት ነበረ፤ በአንዷ ቁጠባው 7.1 በመቶ ሲደርስ በሌላዋ በ1 በመቶ ወደ ኋላ ሄደ።

ከአምራቾች መካከል ደግሞ ማዝዳ ግልጽ ምሳሌ ሰጥቷል። በአሜሪካ የሚሸጠውን ባለ 2.5 ሊትር የቱርቦ ሞተር መጀመሪያ ሲያቀርብ በእነሱ 87 ቤንዚን 227 የፈረስ ጉልበት፣ በ93 ደግሞ 250 የፈረስ ጉልበት እንደሚሰጥ አስታወቀ። ሁለቱንም መቅዳት ይቻላል፤ ልዩነቱ ግን ወደ 10 በመቶ ነው። ካር ኤንድ ድራይቨር የተባለው የመኪና መጽሔትም በ2019 ፈተና አድርጎ፣ ባለ 3.5 ሊትር ቱርቦ የሆነው የፎርድ ኤፍ 150 ጭነት መኪና ከቆመበት ተነሥቶ በሰዓት 97 ኪሎ ሜትር ለመድረስ በውዱ 5.3 ሰከንድ፣ በተራው 5.9 ሰከንድ እንደፈጀበት አሳየ። በዚያው ፈተና የቀረበችው ትንሽ ቱርቦ ያላት ሆንዳ ሲ አር ቪ ግን በፍጥነቷ የሚታይ ጥቅም አላገኘችም።

ሁለቱም ቱርቦ ናቸው። አንዱ ተጠቀመ፤ ሌላዋ አልተጠቀመችም። ስለዚህ «ቱርቦ ነው» የሚለው ቃል ብቻውን መልስ አይሆንም። ወሳኙ አምራቹ የሞተሩን ኮምፒውተር ለየትኛው ቤንዚን እንዳዘጋጀው ነው።

አንድ ነገር ደግሞ መጨመር አለበት። የአሜሪካኖቹ ንጽጽር በእኛ አቆጣጠር ከ91 ወይም 92 እስከ 98 ያለውን ርቀት የሚለካ ነው። በእስራኤል ማደያ ያለው ርቀት ከ95 እስከ 98፣ ማለትም ወደ ግማሹ ነው። ስለዚህ እዚህ አገር የሚጠበቀው ጥቅም ከአሜሪካኖቹ ቁጥር ያንሳል እንጂ አይበልጥም።

የገንዘቡንም ነገር እንመዝን። 95 ሊትሩ 7 ሼቄል፣ 98 ደግሞ 8.50 ቢሆን፣ ጭማሪው ከ21 በመቶ በላይ ነው። የቤንዚን ቁጠባው 2 ወይም 3 በመቶ ብቻ ከሆነ ተጨማሪው ወጪ በቁጠባ አይመለስም። «98 ብዙ ስለሚያስኬድ ዋጋውን ይመልሳል» የሚለው ንግግር በሒሳብ አይቆምም። 98 የሚቀዳ ሰው የሚገዛው ጉልበትንና የሞተርን ደኅንነት ነው፤ ቁጠባን አይደለም።

ሦስት ዓይነት መኪና

ነገሩን ለማቅለል መኪናዎችን በሦስት መክፈል ይቻላል።

የመጀመሪያዎቹ ለዕለት ሥራ የተሠሩ ናቸው። ብዙዎቹ ትንሽ ቱርቦ ያላቸው ቢሆኑም አምራቹ 95 ይበቃል ብሏል። በእስራኤል መንገድ በብዛት የሚታየው ስኮዳ ኦክታቪያ ባለ 1.4 ሊትር ቱርቦ ሞተሩ የተሠራው ለ95 ነው። እንዲህ ላለ መኪና 98 መቅዳት ትርፍ ወጪ ነው።

ሁለተኛዎቹ «ቢያንስ 95፣ 98 ይመከራል» የሚባልላቸው ናቸው። በዕለት ጉዞ፣ ከናታንያ ቴል አቪቭ በጠዋቱ መጨናነቅ እየተንፏቀቁ ለሚሄዱ፣ ልዩነቱ አይታይም። በነሐሴ ሙቀት አራት ሰው አሳፍረው ሻንጣ ጭነው ከሻዓር ሃጋይ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣውን ዳገት ሲወጡ ግን 98 የሚሰጠው እርጋታ ይኖራል፤ ምክንያቱም ሙቀትና ጭነት ሲገናኙ ነው ማንኳኳት የሚመጣው።

ሦስተኛዎቹ እውነተኛዎቹ ፈጣን መኪናዎች ናቸው። ለምሳሌ በ2019 የወጣው መርሴዲስ ኤ ኤም ጂ ኤ 45 ኤስ ከ2 ሊትር ሞተር ብቻ 421 የፈረስ ጉልበት ያወጣል። ከእንዲህ ያለ ትንሽ ሞተር ይህን ያህል ጉልበት የሚገኘው ወናፉ በጣም ስለሚገፋ ነው። አምራቹም 98 ይጠይቃል። እዚህ ላይ መቆጠብ አይገባም። ማደያው 98 ከሌለውና ሰውየው መንገድ ላይ ከቀረ ጥቂት 95 ቀድቶ ቀስ ብሎ መንዳት፣ ሞተሩን አለማስጮህ፣ እንዳገኘም 98 መጨመር ነው። ሁልጊዜ 95 እየቀዱ በሙሉ ጉልበት መንዳት ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ ኮምፒውተሩ ቢጠብቅም ጥበቃው ለአደጋ ጊዜ እንጂ ለዕለት ኑሮ አልተሠራም።

ከ98 ጋር አብረው የሚነገሩ ሌሎች ነገሮች

«98 ሞተር ያጸዳል» ይባላል። ኦክቴን አያጸዳም። የሚያጸዳው ድርጅቶቹ በቤንዚን ውስጥ የሚጨምሩት የማጽጃ ቅመም ነው። አንዳንዱ ድርጅት በ98 ውስጥ ቅመሙን ሊያበዛው ይችላል፤ ይህ ግን ከቁጥሩ ጋር አንድ አይደለም። በዚያ ላይ የዛሬ ቱርቦ ሞተሮች ብዙዎቹ ቤንዚኑን በቀጥታ ወደ ሲሊንደሩ ስለሚረጩ ቤንዚኑ የአየር ማስገቢያውን ቫልቭ ጀርባ አያጥበውም። በዚያ ለሚጠራቀም ጥቀርሻ መፍትሔው ሙሳክ ነው።

«ያረጀ መኪና 98 ይፈልጋል» የሚባለውም በከፊል ብቻ እውነት ነው። ለ95 የተሠራ መኪና በ95 ካንኳኳ አንድ ነገር ተበላሽቷል ማለት ነው፤ ጥቀርሻ ተጠራቅሟል፣ ካንዴላው አልቋል፣ ወይም ማቀዝቀዣው ደክሟል። 98 መቅዳት ድምፁን ሊያጠፋ ይችላል፤ በሽታውን ግን አያድንም። ሕመም የያዘው ሰው ማስታገሻ ብቻ እየዋጠ ሐኪም ሳያይ እንደሚኖር ነው።

ስለ ዘይትም አንድ ቃል። በትናንሽ ቱርቦ ሞተሮች ላይ ሞተሩ በቀስታ እየዞረ በድንገት ሲረገጥ የሚመጣ ከባድ ማንኳኳት አለ። ለዚህ ተብሎ በ2018 አዲስ የሞተር ዘይት ደረጃ ወጥቷል። ስለዚህ ለቱርቦ መኪና ትክክለኛውን ዘይት በጊዜው መቀየር፣ ለ95 በተሠራ መኪና ላይ 98 ከመቅዳት ይልቅ ይጠቅማል። ከ1,800 ሼቄሉ ከፊሉ ለዘይትና ለማጣሪያ ቢውል የተሻለ ነው።

በመጨረሻ የኮምፒውተር ማስተካከል ጉዳይ አለ። አንዳንድ ወጣቶች የሞተሩን ኮምፒውተር ከፍተው አዲስ ትእዛዝ ያስገባሉ፤ የቱርቦው ግፊት ከአምራቹ ወሰን በላይ ይወጣል። ያን ጊዜ በክዳኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር አይሠራም፤ 95 አደገኛ ሊሆን፣ 98ም ላይበቃ ይችላል። የአምራቹ ዋስትናም ሊቀር ይችላል፤ አደጋ ሲደርስ ከመድን ድርጅት ጋር ጭቅጭቅ ሊያመጣ ይችላል። በእጅ የዞረ ፈጣን መኪና ሲገዛ ሻጩን «ኮምፒውተሩ ተነክቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ፣ ከመፈረም በፊትም በባለሙያ ማስመርመር የግድ ነው።

አባትም የሚያውቁት ነገር አለ

ልጁ «እርስዎ የሚያውቁት የድሮውን ነው» ያለው ነገር እስቲ ይታይ። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አዲስ አበባም ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በደጋ አየሩ ስስ ነው። ስስ አየር ሲጨመቅ ግፊቱ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ተራ ሞተር በደጋ ዝቅ ባለ ኦክቴን ሳያንኳኳ ይሠራል። በአዲስ አበባ ጎዳና ለዓመታት የሠሩት ቮልስዋገኖችና ፊያቶች ሞተራቸው ብዙ የማይጨምቅ ስለነበር በዚያ ላይ ደግሞ ደጋው ስለረዳቸው ብዙ አልመረጡም። ከ2008 ጀምሮ በአዲስ አበባ ቤንዚን ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የመጣ ኤታኖል መቀላቀል ሲጀምርም፣ ዋናው ዓላማ የውጭ ምንዛሪ ማዳን ቢሆንም ኤታኖል በተፈጥሮው ኦክቴን ከፍ ያደርጋል።

ናታንያ ግን ባሕር ዳር ናት። አየሩ የታመቀ ነው፤ በጋው ይሞቃል። ቱርቦ ደግሞ ደጋም ቢሆን አየሩን ራሱ ጨምቆ ስለሚያስገባ የደጋውን እርዳታ አብዛኛውን ያስቀረዋል። ስለዚህ ልጁ «አገሩም መኪናውም ተለውጧል» ቢል እውነት አለው። አባትም «ውድ የሆነ ሁሉ ይሻላል ማለት አይደለም» ቢሉ እውነት አላቸው።

ማደያ ላይ ምን ይደረግ?

መጀመሪያ የቤንዚን መቅጃው ክዳን ይከፈት። በውስጡ በኩል አምራቹ የለጠፈው ጽሑፍ አለ። ዕብራይስጥ ማንበብ የማይችል ሰውም ቁጥሩን ያነባል። 95 ብቻ ከተጻፈ ነገሩ አለቀ። 98 ብቻ ከተጻፈም አለቀ። 95 እና 98 ጎን ለጎን ከተጻፉ ሁለቱም ይቻላሉ፤ መጽሐፉ የትኛው ግዴታ፣ የትኛው ምክር እንደሆነ ይናገራል። ልጆች መጽሐፉን እንዲያነቡ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ሁለቱም የሚቻሉ ከሆነ ሙከራ ይደረግ። ሦስት ታንክ 95፣ ከዚያ ሦስት ታንክ 98 ቀድቶ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄደ በደብተር መመዝገብ ነው። አንድ ታንክ አይበቃም፤ አሮጌው ከአዲሱ ጋር ይቀላቀላል፤ ኮምፒውተሩም እስኪለምድ ጊዜ ይፈልጋል። ግማሽ 95 ባለበት ታንክ ላይ ግማሽ 98 ቢጨመር የሚገኘው ወደ 96 ተኩል ነው።

መኪና ገና ሊገዛ ከሆነ ደግሞ ክዳኑ ከመፈረም በፊት ይከፈት። 98 ግዴታ ከሆነ የዓመቱ ተጨማሪ ወጪ ከመድኑና ከቴስቱ ጋር አብሮ ይሰላ። ልጁ ያን ወጪ ከቻለ ጥሩ፤ ካልቻለ ግን መኪናዋ ስትገዛ የረከሰች ብትመስልም በየማደያው ዋጋዋን ትጠይቃለች።

ወደ ራማት ፖሌጉ ማደያ እንመለስ። ከኋላ የቆመው መኪና ጡሩምባ ሳይነፋ በፊት አባት ሊሉ የሚችሉት አንድ ነገር አለ፦ «ልጄ፣ ክዳኑን ክፈትና የተጻፈውን አንብብልኝ።» 98 ከተጻፈ አባት ዝም ይላሉ፤ ልጁም አባቱን ያሳየበት ምክንያት ይኖረዋል። 95 ከተጻፈ ልጁ ቱቦውን ይመልሳል። በሁለቱም መንገድ ክርክሩ በአንድ ደቂቃ ያልቃል፤ አባትና ልጅም ሰንበት ሳይገባባቸው በሰላም ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።